ዋጋው ያልተጠየቀ ክራር

ክራር ለመግዛት የመጣ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ገበቴው ላይ ነው። ቆዳው፣ ጌጡ፣ በዛጎልና በጨሌ የተንቆጠቆጠው ዙሪያው ያለው እዚያ ነው። ሙያተኛ ግን እጁን አስቀድሞ የሚሰደው ወደ ላይ፣ ወደ ቀንበሩ ነው። ሁለቱን ምሰሶዎች በሁለት እጁ ይዞ በቀስታ ይወዘውዛቸዋል፤ ቀንበሩ ጥርቅ ካለ ወይም ከተላወሰ ስለ ቆዳው ሳይጠይቅ መልሶ ይሰቅለዋል። ስድስቱ ክሮች የተወጠሩት በዚያ ቀንበር ላይ ነውና እሱ ካጎነበሰ ስድስቱም አብረውት ያጎነብሳሉ።

አብዛኛውን ጊዜ ለገዢው የሚመርጥለት ኪሱ ነው። በቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ መደብሮች ደጃፍ የሚሰቀለው ክራር ለግድግዳ የተሠራ ነው፤ ከሱ ከፍ ያለው ለተማሪ፣ ከተማሪው ከፍ ያለው ለመድረክ ይሆናል። ዋጋ ጥያቄ መሆኑ ሲቀር ይህ መሰላል ይወድቅና ሌላ ጥያቄ ይነሣል። መሣሪያው የሚጫወተው በየትኛው ክፍል ውስጥ ነው? በየትኛው ቅኝት? ከማን ጋር? ለካዛንቺስ አዝማሪ ቤት ጠባብ ክፍል የተመረጠ ክራር ለግዮን ሆቴል መድረክ ላይሆን ይችል ነበር፤ ሁለቱ ቦታዎች ግን በአንድ ክፍለ ከተማ፣ በቂርቆስ፣ በእግር የሚደረስባቸው ነበሩ።

ክራር እንደ ጊታር ክሩን ተጭነው ድምፁን የሚለውጡበት አንገት የለውም። እያንዳንዱ ክር የሚሰጠው አንድ ድምፅ ነው፤ ያም ድምፅ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ተቃኝቶ ያደረ ነው። በድርድር ጊዜ ጣቶች ክሮቹን አንድ በአንድ ያነሣሉ። በግርፍ ጊዜ ደግሞ ቀኝ እጅ ሁሉንም ክሮች በአንድ ላይ ይገርፋል፤ ከክሮቹ ጀርባ የተቀመጡት የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ያፍናሉ፣ የሚፈለገውን ይለቃሉ። ሰሚው የሚሰማው ዜማ፣ እንዲህ ከታየ፣ ዝም ማሰኘት የተረፈው ነው። ስድስተኛው ክር ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ክር ኦክታቭ ስለሚሆን ለአንድ ዘፈን የሚቀሩት አምስት የተለያዩ ድምፆች ብቻ ናቸው። ካሳ ተሰማም፣ ሜሪ አርምዴም፣ አስናቀች ወርቁም ያን ሁሉ ያደረጉት በነዚያው አምስት ድምፆች ነው።

ችግሩ የሚመጣው ቅኝት ሲለወጥ ነው። የክር ድምፅ የሚወሰነው በርዝመቱ፣ በክብደቱና በውጥረቱ ነው። በክራር ላይ ርዝመቱና ክብደቱ ስለማይለወጡ የሚነካው ውጥረቱ ብቻ ነው። አንድን ክር በግማሽ ድምፅ ከፍ ለማድረግ ውጥረቱ 12 በመቶ ያህል፣ በሙሉ ድምፅ ከፍ ለማድረግ ደግሞ 26 በመቶ ያህል መጨመር አለበት። ያ ጭማሪ የሚያርፈው ቀንበሩ ላይ ነው። ቀንበሩ በጥቂቱ እንኳ ከጎበጠ ያልተነኩት ክሮች ይላላሉ፤ ተጫዋቹ ሦስተኛውን ክር አስተካክሎ ወደ አንደኛው ሲመለስ አንደኛው ወርዶ ያገኘዋል፤ አንደኛውን ሲያጠብቅ ሦስተኛው ይወርዳል። ደካማ ክራር በመቃኘት ዘመኑን ይጨርሳል የሚባለው ለዚህ ነው።

ክፍሉ

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ከጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው ተቋም በምህጻር «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ «ካዜ ኢንቺስ»፣ ማለትም የኢንቺስ ቤቶች፣ በከተማው ሰው አፍ ካዛንቺስ ሆነ። በኋላ በአንድ ጎኑ እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ቆሙበት። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ደግሞ የአዝማሪ ቤቶች ሰፈር ሆነ።

የአዝማሪ ቤት ክፍል ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሳሎን አይሰፋም። ግድግዳውን ተከትለው ዱካዎችና ዝቅተኛ ጠረጴዛዎች ይደረደራሉ፤ መሐሉ ለእስክስታ ክፍት ነው። ምሽቱ ሲገፋ ክፍሉ ይሞላል፤ ቢራውም ጠጁም ይንቆረቆራል፤ ከበሮው ከጥግ ይነሣል። አዝማሪው ማሲንቆውን ደረቱ ላይ አስደግፎ ከእንግዳ ወደ እንግዳ ይዞራል። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል፤ ከተዋጣለት የራሱን ይጨምርበታል፤ ስድቡ በሙገሳ፣ ሙገሳው በስድብ ተጠቅልሎ ይመጣል። ሳቁ ሳያባራ ብር ግንባሩ ላይ ይለጠፋል። ከወዲያኛው ጥግ ደግሞ ሌላ እንግዳ፣ ትዝታው ሳያልቅ፣ ባቲ ያዛል።

እንዲህ ያለ ክፍል ከመሣሪያ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው መሰማት ነው፤ ከከበሮ፣ ከጭብጨባና ከእልልታ በላይ። ሁለተኛው ሳቅ በሚያህል አጭር ጊዜ ውስጥ ቅኝት መለወጥ ነው። የፈረንሳዩ የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሁለተኛ ቅጽ የ1990ዎቹን የከተማ አዝማሪዎች ሲያሰማ የሚሰማው ይህ ጥበትና ይህ ፍጥነት ነው። ከነዚህ ቤቶች ስሙ በዓለም የታወቀው ፈንዲቃ ነው። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ እ.ኤ.አ. በ2008 ተረክቦ ወደ ባህል ማዕከልነት አሳደገው፤ ኢትዮከለር የተባለው ቡድንም ከዚያ ወጣ። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለመልሶ ልማት ሲፈርስ ሰፈሩ ከነአዝማሪ ቤቶቹ ተነሣ። ለጠባብ ግድግዳ የተቃኘ ጆሮ ያላቸው ተጫዋቾች ወደ ሰፋፊ አዳራሽና ወደ ማይክሮፎን ሲሄዱ የመሣሪያው ምርጫም አብሮ መለወጡ አልቀረም።

በእግር የሚቃኝ

የውጥረቱን ችግር አሜሪካኖች በብረት ፈትተውታል። ፔዳል ስቲል ጊታር ሲያዩት ጠረጴዛ ይመስላል፤ በአራት እግር ይቆማል፣ ተጫዋቹ ከኋላው ወንበር ላይ ይቀመጣል። እንደ ክራር ሁሉ ክሮቹ አስቀድመው ተቃኝተው ያደሩ ናቸው። ግራ እጅ ከባድ የብረት ዘንግ ይዞ በክሮቹ ላይ ያንሸራትታል፤ ቀኝ እጅ በጣት ላይ በሚሰካ መምቻ ይደረድራል፤ ቀኝ እግር የድምፅ መጠን ይቆጣጠራል። ግራ እግርና ሁለቱ ጉልበቶች ደግሞ ከመሣሪያው ሆድ ሥር ያሉ ዘንጎችን ይገፋሉ። አንዱ መርገጫ ሲረገጥ የተወሰኑ ክሮች በግማሽ ወይም በሙሉ ድምፅ ከፍ ይላሉ፤ ሲለቀቅ ወደነበሩበት ይመለሳሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ክሩ እየጮኸ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ገበያ ላይ በወጣው የዌብ ፒርስ «ስሎውሊ» ዘፈን ላይ ስቲል ተጫዋቹ ባድ አይዛክስ መርገጫውን ክሩ እያሰማ ሲረግጠው ሰሚው አንድ ድምፅ ወደ ሌላ ሲቀልጥ ሰማ፤ ከዚያ በኋላ የናሽቪል ስቲል ተጫዋቾች ሁሉ መሣሪያቸውን ወደ ሠሪ ይዘው ሮጡ ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ገንዘብ የማይገደው ገዢ በዚህ መሣሪያ ፊት ሲቆም የሚያስጨንቁት ነገሮች የታወቁ ናቸው። ለካንትሪ ሙዚቃ የሚመረጠውና «ኢ ናይን» የሚባለው ባለ አሥር ክር አንድ አንገት ይበቃዋል? ወይስ ለጃዝ የሚቀርበው «ሲ ሲክስ» ከጎኑ ተጨምሮ ባለ ሃያ ክር ድርብ አንገት ይሁን? ድርቡ ከነሳጥኑ ሰው የሚያጎብጥ ሸክም ነው። የኤመንስ ወይም የሾ በድ ሥራ የሆነ አሮጌ ስቲል ተፈልጎ ይገዛ ወይስ አዲስ ይታዘዝ? በጉልበት የሚገፉት ስንት ይሁኑ? ከሁሉ በላይ ግን አካሉ ምን ያህል ግትር ነው? መርገጫ ሲረገጥ የጠነከሩት ክሮች አካሉን ይስቡታል፤ አካሉ ባይታይም ይታጠፋል፤ ያልተነኩት ክሮች ይወርዳሉ። ውድ ስቲል ውድ የሚሆነው ይህን መውረድ ጆሮ እስከማይለየው ድረስ ስለሚቀንሰው ነው። ናሽቪል ውስጥ በሜፕል እንጨትና በአሉሚኒየም የሚደረገው ትግል ካዛንቺስ ውስጥ በቀንበርና በምሰሶ ይደረግ ከነበረው ጋር አንድ ነው።

ሠሪው ብረት ከመቁረጡ በፊት ገዢውን አንድ ወረቀት ይጠይቀዋል። በወረቀቱ ላይ ክሮቹ ከላይ ወደ ታች ይጻፋሉ፤ መርገጫዎቹ ከግራ ወደ ቀኝ፤ በየመገናኛው የትኛው ክር በምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል ይሞላል። ሁሉም ተጫዋች የራሱ ወረቀት አለው። የሕልም ስቲል የሚባለው መጀመሪያ የሚኖረው እዚያ ላይ ነው።

የክራሩ ወረቀት

ያው ወረቀት ለክራር ቢሞላ ምን ይመስላል? በትምህርት ቤት እንደሚጻፉት አራቱ ዋና ቅኝቶች ከዶ ተነሥተው ይቀመጡ። ሜጀር ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ማይነር ትዝታ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ክር በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርጋል። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ሲሆን አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። አንቺሆዬ ላይ መምህራን በጥቂቱ ይለያያሉ፤ በብዛት የሚጻፈው ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው።

ክራሩ በሜጀር ትዝታ ተቃኝቶ ይደር እንበል። ወደ ባቲ ለመሄድ ሁለተኛውና አምስተኛው ክር በሙሉ ድምፅ፣ ሦስተኛው በግማሽ ከፍ ይላሉ፤ ይህ በአንድ መርገጫ ያልቃል። ሁለተኛው መርገጫ ሁለተኛውን ክር በግማሽ ዝቅ፣ ሦስተኛውን በግማሽ ከፍ ያድርግ። ሦስተኛው አምስተኛውን ክር፣ አራተኛው አራተኛውን ክር፣ አምስተኛው ሦስተኛውን ክር በግማሽ ዝቅ ያድርጉ። ከዚያ ሁለተኛውና ሦስተኛው መርገጫ አብረው ሲረገጡ አምባሰል ይወጣል። ሁለተኛውና አራተኛው አንቺሆዬን ይሰጣሉ። ሦስተኛውና አምስተኛው ማይነር ትዝታን። አንደኛውና ስድስተኛው ክር በየትኛውም አይነኩም፤ ዶ በቦታው ይቆማል። በጠቅላላው አምስት ማንቀሳቀሻ ነው፤ ይህ ደግሞ አንድ ተራ ፔዳል ስቲል በእግርና በጉልበት ከሚይዘው አይበልጥም።

ወረቀቱ ላይ የሚያስደነግጠው ባቲ ነው። ሁለት ክሮች እያንዳንዳቸው 26 በመቶ፣ አንዱ 12 በመቶ ውጥረት ሲጨምሩ ቀንበሩ ላይ ባንድ ጊዜ የሚመጣው ጭማሪ የአንድ ክርን ውጥረት ሁለት ሦስተኛ ያህላል። በእጅ የተጠረበ የእንጨት ቀንበር ይህን ተሸክሞ ሌሎቹን ክሮች በቦታቸው ማቆየት ይቸግረዋል። ቀንበሩ ብረት ሲሆን፣ ከሥሩ ዘንግና ምንጭ ሲገባ፣ እግር ሲበጅለት፣ በጉልበት ላይ ተቀምጦ ደረት ላይ የሚደገፈው ክራር ጠረጴዛ ይሆናል። ተጫዋቹም ከዱካው መነሣት አይችልም። ይህ ለአዝማሪ ቤት ከባድ ኪሳራ ነው።

ሐሳቡ ግን ከወረቀት ያልወጣ ቅዠት ተብሎ የሚናቅ አይደለም። የኢትዮ ጃዝ አባት ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ2007 እና 2008 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የራድክሊፍ ኢንስቲትዩት ባልደረባ ሳሉ የአገር ውስጥ መሣሪያዎችን በማዘመን ላይ ሠርተዋል፤ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ደግሞ ሚዲያ ላብ የተባለውን የምርምር ክፍል ዘመናዊ ክራር በመሥራት ጉዳይ አማክረዋል። ጥያቄው ያው ነበር፤ አምስት ድምፅ ይዞ የሚያድር መሣሪያ ከአሥራ ሁለቱ ድምፆች ሙዚቃ ጋር እኩል እንዲራመድ ምን ይደረግለት? የሙላቱ አፍሪካ ጃዝ ቪሌጅ የተከፈተው ከካዛንቺስ ቁልቁል፣ ግዮን ሆቴል ግቢ ውስጥ ነው።

ተጫዋቾች በበኩላቸው ብረት ሳይጨምሩ ሥራውን የሚያቀልሉበት ዘዴ አላቸው። የማይነር ትዝታ ክሮች ምንም ሳይነኩ መነሻው ከአንደኛው ክር ወደ አራተኛው ቢዛወር የሚሰማው አምባሰል ነው። በሜጀር ትዝታም መነሻው ወደ አምስተኛው ክር ሲሄድ ማይነር ባቲ ይሆናል። ዘፋኙ የሚነሣበት ከፍታ ስለሚለወጥ ዘዴው ሁልጊዜ አይሠራም፤ ሲሠራ ግን መቃኛ ሳይነካ እንግዳው ያዘዘው ይደርሰዋል።

ስለዚህ ለዋጋ የማይጨነቅ የክራር ገዢ ማድረግ ያለበት ቀላል ነው፤ አንድ ተአምረኛ ክራር ከመፈለግ ሦስት ወይም አራት ጥሩ ክራሮች ማዘዝ። አንዱ በትዝታ፣ አንዱ በባቲ፣ አንዱ በአንቺሆዬ ተቃኝቶ ከጀርባ ይሰቀላል። ገንዘብ በዚህ ሙያ ውስጥ ሙሉ ጉልበቱን የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው። በባህል ቡድኖች ዘንድ ክራር በሥራ መከፋፈሉም የተለመደ ነው፤ ዜማውን የሚይዘው ሊድ ክራር ይባላል፣ ሥሩን የሚይዘው ተለቅ ያለው ደግሞ ቤዝ ክራር።

እንጨት፣ ቆዳ፣ ክር

ቀንበሩና ምሰሶዎቹ ጠንካራ እንጨት ይፈልጋሉ፤ ወይራ ለዚህ የታወቀ ነው። ገበቴው ግን በቀላሉ የሚፈለፈልና ሲደርቅ የማይሰነጠቅ እንጨት ይወዳል፤ ከበሮም ብዙ የቤት ዕቃም የሚፈለፈልበት ዋንዛ ይመረጣል። ዋናው ነገር እንጨቱ ደርቆ የከረመ መሆኑ ነው። እርጥብ ዋንዛ በበጋ ይጠማዘዛል፣ ከምሰሶው ጋር የተገናኘበት ቀዳዳ ይሰፋል፣ ያ የመጀመሪያው ጥርቅታ ይመጣል። ብዙ ክራሮች በእንጨት ገበቴ ፈንታ የብረት ሳህን አላቸው። ሳህኑ ድምፁን ያጮኸዋል፤ ለጠባብና ጫጫታ ለበዛበት ክፍል ይህ ጥቅም ነው፣ ለቀረጻ ግን ድምፁ ይሳላል። እዚህ ላይ ውድ ሁልጊዜ የተሻለ አለመሆኑ ይታያል፤ ለአዝማሪ ቤት ሳህኑ ከዋንዛው ሊበልጥ ይችላል።

ቆዳው በጣት አንጓ ቀስ ብሎ መታ ተደርጎ ይሰማል። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አንድ ዓይነት ድምፅ ከሰጠ ውጥረቱ እኩል ነው፤ በአንድ በኩል ደብዘዝ ካለ ሲወጠር ተዛብቷል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከጥቅምት ጀምሮ አየሩ ይደርቃል፣ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ እርጥበቱ ቆዳውን ያላላዋል። በክረምት ማታ አንድ ሰው መሣሪያውን ከከሰል ምድጃ ጥቂት ራቅ አድርጎ ሲያሞቅ ቢታይ ቆዳውን እየመለሰው ነው። ለውጭ ጉዞ የሚታዘዝ ክራር ሌላ ፈተና አለበት፤ የአውሮፓ የክረምት ማሞቂያ ከአዲስ አበባ በጋ የባሰ ያደርቃል።

መቃኛው ድሮ ቀንበሩ ላይ የሚጠመጠም የቆዳ ወይም የጨርቅ ቀለበት ነበር፤ ክሩ ከቀለበቱ ጋር ይጠቀለልና ቀለበቱ ሲዞር ይጠብቃል። ዛሬ ብዙዎች የእንጨት መቃኛ ወይም የጊታር ቁልፍ ይገጥማሉ። የጊታር ቁልፍ ቀንበሩን ያከብደዋል፣ መልኩንም ያበላሸዋል የሚሉ አሉ፤ ጥርስ ስላለው ግን ወደ ኋላ አይንሸራተትም፣ ጥቃቅን ማስተካከልም ይፈቅዳል። እንግዳ ባቲ ሲያዝ የሚያድነው እሱ ነው።

የቀድሞው ክር የበግ አንጀት ጅማት ነው፤ ሞቃትና ክብ ድምፅ አለው፣ ነገር ግን እርጥበት ይጠጣል፣ ይፈታል። ናይሎን በየትም ይገኛል፣ የአየር ለውጥ ብዙም አያስቸግረውም፤ አብዛኛው ክራር ዛሬ የሚደረደረው በናይሎን ነው። ብረት ክር ደግሞ ማግኔታዊ ፒክአፕ የሚሰማው ስለሆነ ለኤሌክትሪክ ክራር ይሆናል። የጅማትን ድምፅ የሚወድ፣ ገንዘብም ያለው ሰው ናይሎንን መናቁ የተለመደ ስሕተት ነው፤ በመድረክ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይወርድ የሚቆየው ናይሎኑ ነው።

ኤሌክትሪኩ ከዚህ ይነሣል። ቆዳ ያለው ክራር ከትልቅ ድምፅ ማጉያ ጋር ሲገናኝ ቆዳው ራሱ እንደ ማይክሮፎን ይንቀጠቀጥና ፉጨት ይለቃል። መፍትሔው ወይ ክሮቹ ቆዳው ላይ በሚያርፉበት ብርኩማ ሥር የሚለጠፍ ፒክአፕ ነው፣ ወይ ገበቴውን ድፍን እንጨት ማድረግ። ለንደን የሚገኘው ክራር ኮሌክቲቭ፣ በተመስገን ዘለቀ መሪነት፣ ክራርን በዚህ መንገድ የሮክ ጊታር ያህል አጉልቶ ለአውሮፓ መድረኮች አሰምቷል። ድፍኑ ክራር በስልክ እንጨት ላይ እንደተወጠረ ሽቦ ከማጉያ ውጪ ድምፅ የለውም፤ መብራት ሲጠፋ ዝም ይላል። በጥቂት አምፖል ሥር ለሚጫወት ቤት ቆዳውን ሳይተዉ ፒክአፕ መጨመር የተሻለ ነው። አስናቀች ወርቁ እ.ኤ.አ. በ1975 ከኃይሉ መርጊያ ኦርጋንና ከተማረ ሐረጉ ድራም ጋር የቀረጸችው አልበም እንደሚያሳየው ክራር ከኤሌክትሪክ መሣሪያ ጎን ለመቆም ኤሌክትሪክ መሆን ግዴታው አይደለም፤ ሌሎቹ ቦታ ከለቀቁለት።

ጭራው

ክራር ቅኝቱን እስኪያስተካክል አዝማሪ ቤቱን የሚይዘው ማሲንቆ ነው። አንድ ክር ብቻ አለው፣ ያም ከፈረስ ጭራ የተሠራ። ሳጥኑ በማዕዘኑ የቆመ አራት ማዕዘን ነው፣ ቆዳ ለብሷል፤ ደጋኑም የፈረስ ጭራ ተወጥሮበት ሙጫ ወይም እጣን ይቀባል። ተጫዋቹ ክሩን ከአንገቱ ጋር አያጣብቅም፤ በጣቱ ጎን በአየር ላይ ይነካዋል። ስለዚህ ከድምፅ ወደ ድምፅ ሲሄድ መሃል ላይ ያለውን ሁሉ ማሰማት ይችላል። ትዝታም፣ ባቲም፣ አንቺሆዬም ከዚያው ክር፣ ምንም ሳይቃኝ፣ ጣቱን በማዛወር ብቻ ይወጣሉ።

የፔዳል ስቲል የብረት ዘንግ የሚሠራውም ይህንኑ ነው። ከጥንቱ ስቲል ጀምሮ የሰው ልቅሶ የሚመስለው ድምፅ የሚመጣው ከመንሸራተቱ ነው። በአፍሪካ ስቲሉን ከሁሉ በላይ ያስተዋወቀው ናይጄሪያዊው ደሞላ አዴፖጁ በኪንግ ሰኒ አዴ ቡድን ውስጥ ሲጫወት፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1986 በፖል ሳይመን «ግሬስላንድ» አልበም ላይ ሲሰማ፣ ጎልቶ የሚሰማው ያ መንሸራተት ነው። ስቲል ጊታር እንግዲህ ሁለት ሥራ በአንድ አካል ጨምቋል፤ ተቃኝተው ያደሩ ክሮችና የሚንሸራተት ድምፅ። ካዛንቺስ ሁለቱን ለሁለት ሰው አካፈለች። ክራሩ ክሮቹን ያዘ፣ ማሲንቆው መንሸራተቱን፤ መርገጫ ሊሠራው የነበረውን ሥራ ሁለት ሰዎች በዓይን ጥቅሻ ይሠሩታል። ለአንድ ውድ ክራር የተመደበ ገንዘብ ካለ፣ ከፊሉ ለጥሩ ማሲንቆ መሄድ ያለበት ለዚህ ነው።

ማሲንቆ ሲመረጥ ጭራው ከሁሉ ይቀድማል። የቫዮሊን ደጋን ሠሪዎች በሌላው ዓለም የወንድ ፈረስ ጭራ ይመርጣሉ፤ የሴቷ በሽንት ስለሚነካ ይሰባበራል ይላሉ። ቀጥሎ ደጋኑ ይታያል፤ ሲጫኑት እንዳይልፈሰፈስ፣ ሲለቁት እንዲመለስ። አንገቱ ከሳጥኑ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከላላ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ በክራር ቀንበር ላይ ያየነው ፈተና እዚህም አለ። ከአዝማሪዎች መንደሮች አንዷ በሆነችው፣ ጎንደር አካባቢ በምትገኘው ቡርቧክስ፣ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ መሣሪያውም አብሮ ይተላለፋል። በብዙ እጅ ያለፈ ማሲንቆ ከአዲሱ ይመረጣል፤ ቆዳው በሙጫና በላብ ጠቁሮ፣ ሳጥኑ ብዙ ክረምትና በጋ አሳልፎ ሊሰነጠቅ የሚችለው ሁሉ ቀድሞ ተሰንጥቆና ተጠግኖ ስለሆነ ነው። ችግሩ ባለቤቱ አለመሸጡ ነው።

በገና ከነዚህ ተለይቶ ይታያል። አሥር ክሮች አሉት፤ በክሮቹና በብርኩማው መካከል የምትገባው እንዚራ የተባለች ትንሽ ቆዳ ያን የሚያጉረመርም ድምፅ ታወጣለች። ለጸሎትና ለጾም የተሠራ ስለሆነ አዝማሪ ቤት ውስጥ ቦታ የለውም። ስለ በገና ምርጫ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የመጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋን ቀረጻዎች መስማት ይበቃዋል፤ እንዚራው በትክክል ሲገባ ምን እንደሚል እዚያ ይሰማል።

ትእዛዝና ርክክብ

የተሠራ ክራር ከመደርደሪያ ከመግዛት ለሠሪ ማዘዝ ይሻላል፤ ዋጋ ካልገደደ ላለማዘዝ ምክንያት አይቀርም። ሠሪውን የሚጠይቁት መጀመሪያ እንጨቱ መቼ እንደተቆረጠ ነው። መጠኑ የሚወሰነው በዘፋኙ ድምፅ ነው፤ ክሩ ረጅም ሲሆን ዝቅ ባለ መነሻ ላይ ጥሩ ይጮኻል፣ አጭር ሲሆን ለከፍተኛ ድምፅ ይስማማል። ስለዚህ ዘፋኟ ወይም ዘፋኙ የሚነሣበት ድምፅ በትእዛዙ ላይ ይጻፋል። ጌጡ በመጨረሻ ይምጣ፤ ገበቴው ላይ የሚሰፋ ዛጎልና ጨሌ ቆዳውን ያከብዳል፣ ሲንቀጠቀጥም ይንጫጫል። ለዓይን የግድ ከሆነ ምሰሶው ላይ ይሁን።

በርክክብ ቀን ፈተናው ይህ ነው። ክራሩ በሜጀር ትዝታ ይቃኛል። ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አምስተኛው ክር ወደ ባቲ ከፍ ይደረጋሉ፤ ሌሎቹ ሦስቱ ሳይነኩ ይደመጣሉ። ከወረዱ ምን ያህል እንደወረዱ በጆሮ ይለካል፤ በጥቂቱ መውረድ የማይቀር ነው፣ የዘፈን ጆሮ የሚረብሽ ከሆነ ግን ቀንበሩ መቀየር አለበት። ከዚያ ወደ ትዝታ ይመለሳል፤ ክሮቹ ወደነበሩበት መመለሳቸው ይታያል። ይህ ሦስት አራት ጊዜ ይደጋገማል። ጥሩ ሠሪ በዚህ አይቀየምም፤ ራሱም ሲሠራ ያደረገው ነው።

አዲስ ክር ሁለት ሦስት ሳምንት ይለጠጣል፤ በየቀኑ መቃኘት አለበት፣ በየሌሊቱም መፍታት አያስፈልግም። ከረጢቱ ወፍራም ጨርቅ ወይም ቆዳ ሆኖ ቀንበሩ ላይ ተጨማሪ መደገፊያ ይኑረው፤ ታክሲ ውስጥ ብዙ ክራር የሚሰበረው በቀንበሩ ነው። በከረጢቱ ኪስ አንድ ሙሉ ስብስብ ትርፍ ክር፣ አንድ ትርፍ ብርኩማና ለማሲንቆው የሚሆን የእጣን ቁራጭ ይገባል።